የእማሆይን ዓመት ስለማሰብ

ጎንደር፣ መጋቢት 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእናቴ፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን እንዴት አደረገሽ? ጾሙስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደኅና ነን። ጎረቤቱም ማኅበርተኛውም «መቼ ነው የምትመጣው?» እያለ ይጠይቀኛል፤ ሰላምታቸውን እንዳደርስላቸው አደራ ብለውኛል።

የሴት አያቴ የእማሆይ ዓመት ሰኔ 12 ነው፤ ሦስት ወር አይሞላውም። እስካሁን በስልክ የተነጋገርነው ስለ ድንኳኑና ስለሚጠራው ሰው ብቻ ነው። እኔ ግን ከዚያ የሚቀድም አለ ባይ ነኝ። እማሆይ መቼ እንደተወለዱ፣ በማን ስም እንደተጠመቁ፣ ዓመቱን በምን ጀምረው በምን ይፈጽሙት እንደነበር በወጉ ተጽፎ ይቀመጥ። የልጅ ልጆቻቸው ልጆች «ጻድቅ ሴት ነበሩ» የሚለውን ብቻ ሰምተው እንዲያድጉ አልፈልግም። የእማሆይ ክርስትና በእጅ የሚሠራ፣ በቀን የሚቆጠር፣ በቁና የሚሰፈር ነበር። ዓመታቸውም እሳቸው ያደርጉት በነበረው ልክ ቢሆን ደስ ይለኛል። ያገኘሁትን እጽፍልሻለሁ፤ የጎደለውን ሙዪልኝ፣ የተሳሳተውን አቅኚልኝ።

ከዕድሜያቸው ልጀምር። በለቅሶው ጊዜ ሰው ሁሉ «መቶ አልፏቸው ነው የሞቱት» ይል ነበር። መታወቂያቸው ላይ ያለው ዓመትም በግምት የተሞላ ነው። ሰው እንዲህ የሚለው፣ እማሆይ የሱዳኑ ደርቡሽ ጎንደር ገብቶ አብያተ ክርስቲያናቱን ሲያቃጥል በዓይኑ እንዳየ ሰው አድርገው ያወሩ ስለነበር ይመስለኛል። ያ የሆነው ግን በ1880 ነው፤ እሳቸው የሰሙት ከአያታቸው ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንብ ተነሥቶ አዳናት የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው። አዛውንት የሰማውን እንዳየው አድርጎ ሲተርክ፣ ሰሚው ደግሞ ዕድሜውን በዚያ ሲሰፍር፣ በአንድ ሰው ላይ አርባ ዓመት ይጨመራል።

ዓመቱን ለማግኘት የሚረዳን እሳቸው ራሳቸው ሳያዛንፉ ይናገሩት የነበረው ነው። የተወለዱት የኅዳር ጽዮን ዕለት ነው፤ ኅዳር 21። ዕለቱ ቀዳሚት ሰንበት ነበር፤ «በድርብ በዓል ተወለድኩ» ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። ዘመኑ ማርቆስ ነው። ጣሊያን በመጋቢት 1928 ጎንደር ሲገባ የፊት ጥርሳቸው ወልቆ ገና አልበቀለም ነበር። እነዚህ አራቱ ይበቃሉ።

ወንጌላዊውን ለማወቅ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ተደምሮ ለ4 ይካፈላል፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። በዚህ ስሌት ከጣሊያን በፊት ያሉት የማርቆስ ዓመታት 1914፣ 1918፣ 1922 እና 1926 ናቸው። ዕለቱን ለማግኘት ደግሞ ያንኑ 5500 የተደመረበትን ቁጥር ከአራት እጅ አንዱ ጋር (ትርፉ ሳይቆጠር) ደምሮ ለ7 ማካፈል ነው። 1 ቢተርፍ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ቢተርፍ ረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ሄዶ ምንም ካልተረፈ ሰኞ ይሆናል። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 21 ያለው 80 ቀን ስለሆነ፣ ሳምንታቱ ሲጣሉ ሦስት ይቀራል፤ ስለዚህ ከመስከረም 1 ዕለት ላይ ሦስት ወደፊት መቁጠር ነው። ለ1922 ብንሠራው 7422 እና 1855 ሲደመሩ 9277 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ፣ ኅዳር 21 ቅዳሜ ዋለ ማለት ነው። በ1914 ጽዮን የዋለችው ረቡዕ ነው፣ በ1918 ሰኞ፣ በ1926 ሐሙስ። ከአራቱ ቅዳሜ የምትውለው በ1922 ብቻ ናት። ጥርሱም ይመሰክራል፤ የ1922 ልጅ ጣሊያን ሲገባ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ የ1918ቷ ግን አሥር ዓመት ይሆናታል፣ የፊት ጥርሷም በቅሏል። አንድ ሌላ ማረጋገጫም አለ። ጎንደር ላይ የቀረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው፤ እማሆይ «በጽዮን ሰሞን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ስል» ይሉት የነበረው ቀን በቀን ይገጥማል።

እንግዲህ እማሆይ ከኅዳር 21 ቀን 1922 እስከ ሰኔ 12 ቀን 2017 ኖረዋል፤ 95 ዓመት ከመንፈቅ። መቶ ባይሞላም ረጅም ዕድሜ ነው፣ እውነቱ ይበቃቸዋል። የመቃብሩ ድንጋይ ላይም ይህ ይጻፍ። ጠራቢው ፊደሉን በቀለም ብቻ እንዳይጽፈው ተነጋግረናል፤ ቀለም ሁለት ክረምት አይሻገርም። በመሮ ተቦርቡሮ ቀለሙ ከውስጥ ይሞላል። ከቁጥሩ ጎን «ዓ.ም.» መጻፉም አይረሳ፤ አለዚያ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል።

የክርስትና ስማቸው ላይ ግን ያንቺን ቃል እፈልጋለሁ። እኔ የማውቀው ወለተ ጽዮን የሚለውን ነው። ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ስለምትጠመቅ፣ ከኅዳር 21 ሲቆጠር የተጠመቁት የካቲት 10 ነው። ከማኅበርተኞቹ አንዷ ግን «ወለተ ማርያም ሲባሉ ሰምቻለሁ» ብላኛለች። ምናልባት ሲመነኩሱ የተሰጣቸው ስም ይሆናል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ካህኑ በፍትሐቱም በቅዳሴውም የሚያነሣው የዓለም ስማቸውን አይደለም። ብዙ ቤት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌው ከሞተ በኋላ የክርስትና ስሙን የሚያውቅ ይጠፋና ሁሉም በየግምቱ ይሰይማል። የነፍስ አባታቸውን ጠይቀሽ ወይም ራስሽ አስታውሰሽ አንዱን ቁረጪልኝ። በዚያው ያንቺንም፣ የእህቶችሽንም፣ የአባቴንም የክርስትና ስም ጻፊልኝ፤ በአንድ ወረቀት ላይ አኖረዋለሁ። ቆብ የደፉበትንም ዓመት እንዲሁ። ወንድ አያቴ ካረፉ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፣ በስንተኛው ዓመት እንደሆነ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።

አሁን ወደ አኗኗራቸው ልግባ። እማሆይ ፊደል አልቆጠሩም። ውዳሴ ማርያምን ግን የየዕለቱን ለይተው በቃላቸው ይወጡታል፤ የተማሩትም በጆሮ ነው። ወሩን በታቦት ነው የሚቆጥሩት፤ በ1 ልደታ፣ በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ16 ኪዳነ ምሕረት፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ24 ተክለ ሃይማኖት፣ በ27 መድኃኔ ዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። አርባ አራቱ ታቦት ባለበት ከተማ ለየትኛውም ቀን መሳለሚያ አይታጣም። በየወሩ ሁሉንም አያዳርሱም ነበር፤ ጉልበታቸው በነበረ ጊዜም ሥላሴን፣ ሚካኤልንና ማርያምን ይመርጡ ነበር። ለሌላው ከቤት ሆነው ወደ ደብሩ አቅጣጫ ዞረው ይሰግዳሉ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ይሸኛሉ፣ 11 ይመለሳሉ፣ 12 ደግሞ ሚካኤልን ሊሸኙ እንደገና ይወጣሉ። ሦስቱን ቀን የሚቆሙበት ልብስ አንድ ነው፤ የታጠበና በዕጣን የታጠነ ነጠላ፣ ለጥምቀት ብቻ የተቀመጠ።

ጾማቸውን በሚገባ መግለጽ የምፈልገው፣ ሰው «ሁልጊዜ ይጾሙ ነበር» ብሎ ስለሚያልፈው ነው። ሁልጊዜ አልነበረም፤ ልክ ነበረው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ልደት፣ የሐዋርያት፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ ነነዌ ሦስት ቀን፣ ገሃድ፣ ረቡዕና ዓርብ። በዚህ ላይ የፈቃድ የሆነውን ጽጌን ይጨምራሉ፤ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለውን አርባ ቀን። የጽጌን ጾም የሚፈቱት ቁስቋም ነው፤ ኅዳር 6 እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ስትነግሥ። ዳገቱን በእግር ወጥተው፣ አስቀድሰው፣ ወርደው ነው የሚቀምሱት። ልብ በይ፣ ከኅዳር 6 እስከ ኅዳር 14 ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሲወጣለት ስድስት ሰባት ቀን ይቀራል፤ ከዚያ የነቢያት ጾም ይገባል። መኸሩም የሚደርሰው በዚያው ሰሞን ስለሆነ ሌላው ሴት የሚያለቅስበት ወቅት ነው። እማሆይ የሚዘልቁት ቀድመው ስለሚያዘጋጁ ነበር፤ ተልባው ታምሶ ተወቅጦ በቅል፣ ሱፉ ተፈልፍሎ፣ የገብስ በሶው ተፈጭቶ፣ ስልጆው ከነሰናፍጩ ተበጥብጦ በማድጋ ይቀመጣል። ጾም የሚከብደው ጾሙ ገብቶ ምን እበላለሁ ለሚል ሰው ነው፤ ቤቱ ባዶ ስለሚሆን ከደረቅ እንጀራና ከበርበሬ ውጭ አያገኝም፣ ጨጓራውም የሚታመመው ያኔ ነው።

አፈታታቸውም ሥርዓት ነበረው። ፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጀመሪያ ቀጠን ያለ ተልባ ይጠጣሉ፣ ቆይተው ትንሽ እርጎ፣ ዶሮውን የሚነኩት ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው። 55 ቀን ቅቤ ያላየ ሆድ በአንዴ ቅቤና ሥጋ ሲጫንበት ያቅረዋል፣ ያስቀምጠዋል። የሚያዝያ 4ን ፋሲካ አንቺም እንዲህ ፍቺው፣ አደራ።

ከሁሉ ጠለቅ ብሎ መጻፍ ያለበት መገበሪያው ነው። ለሥጋ ወደሙ የሚሆነውን ስንዴ በየዓመቱ ለደብሩ ይሰጡ ነበር፤ አሰጣጣቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ስንዴው ከወገራ የመጣ፣ የዚያው ዓመት አዝመራ መሆን አለበት። ገበያ ላይ ቀድመው አንድ እፍኝ ያሸታሉ፤ ጎተራ ውስጥ የታፈነ እህል ሽታው አይለቅም። ቤት ከገባ በኋላ በነጭ ሰፌድ ላይ ፍሬ በፍሬ ይለቀማል፤ የተሰበረው፣ ነቀዝ የበሳው፣ የጨነገፈው፣ ከሁሉ በላይ እንክርዳዱ ይወጣል። እንክርዳድ ከስንዴ ጋር አብሮ ይፈጫል፣ ዱቄቱንም ያመርረዋል፣ ራስም ያዞራል። ከአንድ ቁና ስንዴ ከሲሶ በላይ ለቅመው ቢያወጡም አይቆጫቸውም፤ የወጣው ለቤት ቂጣ ይሆናል። የተለቀመው በሦስት ውኃ ታጥቦ በታጠበ ነጠላ ላይ ይሰጣል። መሬት ላይ በተዘረጋ ጆንያ አይሰጣም፣ አቧራና የጆንያ ጭረት ይገባበታልና። የሚፈጨው ለዚሁ በተለየ የእጅ ወፍጮ ነው፤ በየሰፈሩ ያለው ወፍጮ ሽሮም በርበሬም ስለሚፈጭበት ለዚህ አይሆንም። ዱቄቱ ትኩስ ትኩሱን ዕቃ ውስጥ ከታፈነ ያልበዋል፣ ይጓጉላል፤ ቀዝቅዞ በንጹሕ ጨርቅ ተቋጥሮ የቁርባኑ ኅብስት ወደሚጋገርበት ቤተ ልሔም ይሄዳል። ከዚያ ወዲያ ያለው የዲያቆናቱ ሥራ ነው፤ እሳቸውም ከበሩ አያልፉም ነበር። ከመገበሪያው ጋር ዘቢብና ዕጣን ያደርሳሉ። ዘቢቡ በዘይት ያልታሸ መሆኑን በጣታቸው ፈትገው ያዩ ነበር፤ የሚያብለጨልጨው ጥሩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ ዘይት ያለበት ግን ለቅዳሴ አይሆንም።

ጧፉንም ራሳቸው ነበር የሚሠሩት። ጥጡን ይፈትላሉ፣ ክሩን ያጣጥፋሉ፣ ሰሙን አቅልጠው በሻሽ ያጠሉና ክሩን እያሳለፉ በገበታ ላይ ያንከባልሉታል። ክሩ ከበዛ ያጨሳል፣ ካነሰ ደግሞ የራሱ ሰም ያጠፋዋል። ገበያ ላይ ያለው ሰም ብዙ ጊዜ ከሻማ ሰም ጋር ይደባለቃል፤ ንጹሕ የንብ ሰም በመዳፍ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ የማር ሽታው አይጠፋም፣ የተደባለቀው ግን ይፈረፈራል። ለዓመታቸው የሚበራውን ጧፍ እንዲሁ እናሠራው፤ ሁለት ኪሎ ሰም ይበቃል።

ወደ ሰኔ 12 ልመለስ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ ጰራቅሊጦስ ግንቦት 23 ይውላል፣ የሐዋርያት ጾም ግንቦት 24 ሰኞ ይገባል፣ ሐምሌ 5 ይፈታል። ሰኔ 12 እንግዲህ ጾም ነው፣ ዕለቱም ዓርብ ነው። ዘመዶቻችን ከሐምሌ 5 በኋላ ይሁንና በሬ ይታረድ እያሉ ነው። እኔ አልስማማም። አርባቸው የዋለው ሐምሌ 21 በፍስክ ነበር፣ ያኔ ታርዷል፣ ሰዉም በልቶ መርቋል። ዓመታቸው በጾም ዋለ፤ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን የጾም ቀን ለሥጋ ሲሉ ገፍተው አያውቁም። ቀኑ ይጠበቅ፣ ድግሱ በጾም ይሁን። ለበሬው የታሰበው ገንዘብ በከፊል ለመገበሪያ፣ ለዕጣንና በደጀ ሰላሙ ለሚቀመጡት ነዳያን ይዋል። ተበድሮ ተዝካር ማውጣትን እማሆይ ምን ያህል እንደሚጠሉት ታውቂያለሽ።

አንድ የሚያሳስብ አለ። ሰኔ 12 የሚካኤል ንግሥ ስለሆነ ካህናቱ ሁሉ በታቦቱ ይያዛሉ። ለቅዳሴ ብቻ ቢያንስ አምስት ልዑካን፣ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋሉ። በዋዜማው ብንናገር የሚደርስልን አናገኝም። ስለዚህ ከፋሲካ ማግስት አለቃውን አነጋግራለሁ፤ ፍትሐቱ ሌሊት ይደርሳል፣ ስማቸውም በቅዳሴው ይነሣል። በጾም ሰው ከቀትር በኋላ ስለሚቀምስ ገበታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይደርስ ዘንድ እናሰላዋለን።

የምናስበው 120 ሰው ነው። 70 ኪሎ ጤፍ 300 ያህል እንጀራ ያወጣል፣ ይበቃል። ሽሮ 6 ኪሎ፣ ምስር ክክ 7 ኪሎ፣ ሽንኩርት 25 ኪሎ፣ ዘይት 12 ሊትር፣ ከዚያ ጎመንና ድንች። ሽምብራውንና ጤፉን ከደምቢያ፣ ስንዴውንና ገብሱን ከወገራ አስመጣለሁ፤ ሽንኩርቱ ከቅዳሜ ገበያ በዋዜማው ሳምንት ይገዛል፣ ቀድሞ ከተገዛ በሰኔ እርጥበት ይበሰብሳል። ማገዶው ግን ከሚያዝያ ሳያልፍ ተገዝቶ ከጣራ ሥር ይከመር። ዝናብ የነካው ዕንጨት እሳቱ አይነድም፣ ጭሱ ወጡንም እንጀራውንም ያሸተዋል።

ለነዳያኑ ንፍሮ፣ 10 ኪሎ ስንዴና 5 ኪሎ ሽምብራ። ሽምብራው ሌሊቱን ይነከራል፣ ለብቻው ይቀቀላል፣ ስንዴው በኋላ ይቀላቀላል፤ አብረው ከተጣዱ ስንዴው ሲፈርስ ሽምብራው ጥሬ ነው። ጨው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ጠላው ሦስት ጋን ይበቃል፣ እያንዳንዱ 60 ሊትር ገደማ የሚይዝ። ለአንዱ ጋን 1 ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ ግማሽ ኪሎ የጌሾ ዕንጨት፣ 2 ኪሎ ብቅልና ለእንኩሮው 10 ኪሎ የዳጉሳና የገብስ ዱቄት ይገባል። ጌሾ ከዚህ ከበዛ ይመራል፣ ራስ ያሳምማል። ብቅሉ ከዝናቡ በፊት ይድረስ፤ ገብሱ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ አድሮ፣ ተጠንፍፎ፣ በኮባ ተሸፍኖ አራት አምስት ቀን ይበቅላል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። በሰኔ ደመና ለማድረቅ የሞከረ ሰው የሚያገኘው ሻጋታ ነው፣ የሻገተ ብቅልም ጋኑን ሙሉ ያበላሻል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ እማሆይ ሁለቴ ሳያጥኑ አይጠነስሱም ነበር፣ ሸክላው ውስጥ የቀረውን የአሮጌ ጠላ ኮምጣጣነት የሚያጠፋው ጭሱ ነውና። ግንቦት 25 ጌሾው በውኃ ይጠነሰሳል፣ ግንቦት 28 ብቅሉና የተቆራረሰው ቂጣ ይገባል፣ ሰኔ 2 እንኩሮው ይጨመራል። እንኩሮው በምጣድ ላይ ጠቆር እስኪል ይታመስ፣ ከዚያ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ከተጨመረ እርሾውን ይገድለዋል፣ ጋኑ ዝም ይላል። ሰኔ 6 ውኃው ይሞላና አፉ በደንብ ይደፈናል፤ አየር ከገባ ጠላው ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል። የሚከፈተው ሰኔ 12 ነው፣ ለመቅመስ ብሎ ቀድሞ የሚነካው አይኑር።

ድፎ ዳቦው አራት ይሁን፣ እያንዳንዱ በ5 ኪሎ ዱቄትና በ3 ሊትር ለብ ያለ ውኃ። ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ይገባል፣ ቅቤና ወተት አይገባም። ኮባው በእሳት ለብ ለብ ተደርጎ ይዘርጋ፣ አለዚያ ሲታጠፍ ይቀደዳል። ከታች እሳቱ ከበረታ ቅርፊቱ ያርራል ውስጡ ሊጥ ይቀራል፤ ከላይ ፍሙ በዝቶ ከታች መለስ ያለ እሳት ነው የሚፈልገው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። አንዱ ዳቦ ለካህናቱ ቡራኬ ሳይቆረስ ይቆይ።

ሌላው ጉዳይ የብራናው ድርሳነ ሚካኤል ነው። በየወሩ በ12 ማኅበሩ ሲጠጣ ዲያቆኑ ከዚያ ነበር የሚያነብላቸው። አሁን ያለው በላስቲክ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው፤ ላስቲኩን አውጥቼዋለሁ። ብራና ቆዳ ነው፤ ላስቲክ ውስጥ እርጥበቱ ይታፈንና በክረምት ይሻግታል፣ ከዚያ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይላጣል። ከማኅደሩ ጋር፣ ከማጀት ጭስና ከአይጥ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ከውጭው ግድግዳ ሳይነካ ይሰቀል። የተቀደደውን ገጽ በፕላስተር ለመለጠፍ የሚሞክር ካለ ከልክዪ፤ ሙጫው ሲደርቅ ፊደሉን ይዞ ይነሣል። ብራና የሚጠግን መሪጌታ ባለበት ከተማ ይህን ማድረግ አያስፈልግም። የማኅበሩ ሙሴም (መሪው) የእማሆይን ቦታ አንቺ እንድትይዢ ማኅበርተኛው መስማማቱን ነግረውኛል። ተራሽ ኅዳር ሚካኤል ነው።

ስለ ራስሽ አንድ ነገር ልበል፤ ደፋርነት አይሁንብኝ። በጾም መድኃኒትሽን ወደ ማታ እንደምትገፊው ሰምቻለሁ። እማሆይ ከ90 ዓመታቸው በኋላ የግፊት መድኃኒታቸውን በጠዋት በውኃ ይውጡ ነበር፤ የነፍስ አባታቸው ናቸው ያዘዟቸው፣ እሳቸውም «ታዛዥነትም ጾም ነው» ተብለው ነው የተቀበሉት። ያንቺም የነፍስ አባት ይህን አይከለክሉም። ሐኪሙ ያዘዘልሽን ሰዓት ለእሳቸው ንገሪያቸውና በዚያው ያዢው። በመንገድ አትምጪ፤ በአውሮፕላን አዘዞ ትወርጃለሽ፣ እኔ እቀበልሻለሁ። እስከ ሰኔ 6 ብትደርሺ ጋኑ ሲደፈን እጅሽ ይኖርበታል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ሰኔ 12 ቀን 2024። ለዚያም ይህ ደብዳቤ ከወረቀቶቹ ጋር ይቀመጣል። ስለዚህ መልስሽን በስልክ ብቻ አትንገሪኝ፤ የክርስትና ስማቸውን፣ ቆብ የደፉበትን ዓመት፣ የወለዷቸውን ልጆች ሁሉ፣ በሕፃንነት የሞቱትንም ጭምር በየዘመነ ወንጌላዊው ለእህቴ እየነገርሻት ትጻፍልኝ። ዕለቱን ካስታወስሽ ዕለቱንም ጨምሪ፤ ዓመቱን እኔ አወጣዋለሁ።

በጸሎትሽ አስቢኝ። ሰላመ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን።

ልጅሽ